ሦስት ኮከብ እስኪወጣ

ሦስተኛ ፎቅ ላይ የኖረው ሮማንያዊ ሽማግሌ ሲሞት
ልጆቹ መጡና ባንድ ከሰዓት ቤቱን ባዶ አደረጉት።
ከቆሻሻው ገንዳ ዳር አምፕሊፋየሩን አገኘሁት።
"ተው፣ የሙት ዕቃ!" አለች ትርንጎ። አልተውኩት፤
እንደ ሲሚንቶ ከረጢት፣ በየደረጃው እያረፍኩ አወጣሁት።

ድምጽ ማጉያዎቹ ከአሽቀሎን ናቸው፣ መቶ ሃያ ሰቅል ከነሽቦዋቸው፤
ደረታቸው ተቀዶ ነበር፣ በሙጫ ነው ያዳንኳቸው።
የቀረኝ አንድ ዕቃ ነው፦ ከአየር ላይ ዜማ የሚቀዳ፣
ስትሪመር የሚሉት፣ ለዚህ አሮጌ ብረት የዘመን እንግዳ።

ቴል አቪቭ ወረድኩ። ሻጩ መስታወት የመሰለ ሣጥን አቀረበ፣
እንደ ፈረስ ነጋዴ እየደባበሰ ስፋቱን ጥልቀቱን ደራረበ።
"ከዜማው ጀርባ ያለው ዝምታ፣ ስማኝ፣ ጥቁር ነው፣ ጥቁር!" አለና
ፊቴን አየ። ቀላ። አንገቱን ደፋ። እኔ ሳቄን ለቀቅሁና
"ጥቁሩንስ ለምጄዋለሁ፣ ዋጋውን ንገረኝ" አልኩት።
ሦስት ሺህ ስምንት መቶ። በአስራ ሁለት ክፍያ። በሌሊት መነዘርኩት፦
በፕላስቲክ ፋብሪካው አስር ሌሊት መቆም፣ አስር ሌሊት ማዛጋት፣
ለጥቁር ዝምታ? ባቡር ይዤ ገባሁ ቂርያት ጋት።

ልጄ ኖጋ በአራት መቶ ሃያ የምትሸጥ አገኘች፣
ከሳሙና አትበልጥም። "እሷም ያው ትዘፍናለች" አለች።
አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፦ "የካሴት መግቢያ አላት?"
"አባ! መቶ ሚሊዮን ዘፈን ትተህ ካሴት?" ገረማት።
ምን ልበላት? የሟቹ አምፕሊፋየር
ከአራት መግቢያው አንዱ ብቻ ነው ነፍስ ያለው፤
ያን አንዱን ለሣጥኗ ብሰጥ፣ ካሴቱ በየት በኩል ይግባው?
ከመቶ ሚሊዮኑ ውስጥ ደግሞ የለም፣ ፈልጋለች፣ አጎቴ አለባቸው
አምቦበር በወንድሜ ሠርግ ማሲንቆውን ሲገዘግዘው፣ ውሻ ሲያቋርጠው።
ኖጋ ፎቶውን አሰፋች፤ ከጀርባዋ ሁለት ቀለበት፣ ቀይና ነጭ፣ ጎን ለጎን ያሉበት።
"አላት" አለች። ገዛናት።

ዓርብ ከሰዓት ከግሮሰሪው ጥቅሉን ተረከብኩ።
ሽቦ ሰካሁ፣ የይለፍ ቃሉን ሁለቴ ተሳሳትኩ፤
የክፍሉን ስም ጠየቀችኝ፣ "ሳሎን" ብዬ በፊደላችን ጻፍኩ፣
ሦስት ባዶ አራት ማዕዘን መለሰችልኝ። እሺ ብዬ አለፍኩ።
ከዚያ "እየታደስኩ ነው፣ እንዳታጠፋኝ" አለች።
ሃያ... አርባ... ስልሳ አንድ ከመቶ ላይ
ጡሩንባው ጮኸ። ያኛው አይደለም፣ ከፍ ዝቅ እያለ መጠለያ የሚያስሮጠን፤
ቀጥ ያለው፣ የሰንበቱ። ትርንጎ ሻማዋን አብርታ ዞር ብላ አየችን።
እጄን ከስልኩ አነሳሁ፣ እንደ ሌባ።

ሌሊቱን ሁሉ ከመደርደሪያው ላይ ነጭ መብራቷ ብልጭ፣ ድርግም፤
ማጥፋት አይፈቀድ፣ ማብራት አይፈቀድ፤ እሷ ሰንበት አታውቅም።
ማቀዝቀዣው ሲያርፍ፣ ጎረቤት ሲተኛ፣ ያ ሻጭ የማለለት
ጥቁር ዝምታ ቤቴ ገባ። በነጻ። ቁጭ ብዬ ሰማሁት።

ቅዳሜ ማታ በረንዳው ላይ ወጥተን ኮከብ ቆጠርን።
"ሦስት!" አልኩ። "ሦስተኛው አውሮፕላን ነው" አለች ኖጋ። ጠበቅን።

ካሴቱን ከተትኩ። ሹክሹክታ። ማሲንቆው። ውሻው መጣ።
ከውሻው ኋላ፣ ከጓዳ በኩል፣ የእናቴ ቁጣ፦
"ዝጉት ያንን ቴፕ፣ ባትሪው ያልቃል!" ብላ ጮኸች፤
ትርንጎ፣ ምራት ናትና፣ ተነስታ ልትዘጋው ሄደች።