ያዘመመው ጉንጭ

ቀን ቀን ጥርስ ነው የምሠራ፤
የሰው ድድ በጄሶ እቀዳለሁ፣ መንጋጋ ከመንጋጋ ጋራ።
ማታ፣ የስዋንዚ ዝናብ የጋራዡን ቆርቆሮ ሲደበድብ፣
መብራቱን አበራለሁ፤ መኪናዬ ውጭ ትታጠብ።
በእሷ ቦታ የቆመ ወታደር አለ፣
እጅ ያላበቀለ፣ እግር ያላበቀለ፣
ነጭ ጥሩር ለብሶ፣ ከአንገቱ በላይ ግን የሌለ።

ፊልሙን ባየሁ ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ፣
ከብረት ማቅለጫው በተቀነሰ ሰሞን አባቴ።
ከመጨረሻ ደሞዙ ቆርሶ ሁለት ትኬት ገዛ፤
ጨለማው ውስጥ ሳቁ እንደ ድሮው በዛ።
ሌሎች ልጆች ወደዱ መርከብ ነጂውን፣
እኔ ከግራ ሦስተኛውን፦
ስም የለው፣ ቃል የለው፤
በሩ ይከፈታል፣ ይገባል፣ ብልጭታ ያገኘዋል፣ ይወድቃል፤ በቃ ይኸው ነው።
አራት ሰከንድ።
ያን አወዳደቅ በእናቴ ምንጣፍ ላይ ክረምቱን ሙሉ አጠናሁት፣
ከሶፋው ጫፍ ደጋገምሁት።
አሁን አርባ ዘጠኝ ሞልቶኛል፤ ጉልበቴ እንደዚያ አይወድቅልኝም፤
ስለዚህ እሠራዋለሁ።

ፋይበርግላሱ ክንዴን ያሳክከኛል፣
የብርጭቆ ወረቀቱ ጥፍሬን ከርክሞ ጨርሶልኛል።
አንድ ጊዜ የትከሻውን ፕላስቲክ በኩሽናው ምድጃ አለሰለስሁ፤
የእሑድ ጥብሳችን ወር ሙሉ ፕላስቲክ ፕላስቲክ አለ።
ባለቤቴ ኔሪስ ምን አለች?
«ውሽማ ብትይዝ ይሻለኝ ነበር፤
ውሽማ ምድጃ አታበላሽም ነበር።»
ይህን ብላ የአንገቱን ጨርቅ በራሷ መኪና ሰፋችልኝ፣
ልኩን በእኔ አንገት ለክታ፣
ጠበቅ አድርጋ።

የቸገረኝ ፊቱ ነው።
ምስሉን አቁሜ በሥራ ቤት መለኪያዬ ስለካው፣
ግራ ጉንጩ ከቀኙ ዝቅ ይላል፣ አራት ሚሊሜትር።
ቅዳሜ በራግቢ ክለቡ አዳራሽ ጥሩራችንን ስናነጻጽር፣
ወጣቱ ካይ፣ «ኮምፒውተር ያቀናልሃል» አለኝ፣ «ግማሹን ገልብጠህ አትም፣
ከዚያ ወዲያ ጣጣ የለም።»
ቴግዊን፣ ጡረተኛው ፖስተኛ፣ የራስ ቁሩን ከጭኑ ሳያወርድ፣
«ከተቃና» አለ፣ «ሌላ ሰው ነው። የማላውቀው ዘመድ።»

እኔስ ብሆን መች ጠፋኝ?
ባልቴቶች የሠርግ ፎቷቸውን ይዘው ይመጣሉ፣
«ይህቺኛዋ በዚያችኛዋ ላይ ትደረብ ነበር» ይላሉ፣
ገንዘብ ከፍለው ጠማማ ጥርስ ያሠራሉ።

ዐሥራ አንድ ዓመት። ስድስት ፊት ሠርቼ አምስቱን ሰበርሁ።
ከዚያ ቴግዊን አንድ አድራሻ አመጣልኝ፦
ዋነኛውን በጭቃ የቀረጸችው ሴት በሕይወት አለች፤
ቴንቢ፣ ከባሕሩ ፊት ለፊት፣ የአረጋውያን ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ።
የራስ ቁሩን በፎጣ ጠቅልዬ በአውቶቡስ ሄድሁ።
ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ስንት ወሩ ነው ልትለኝ ምንም አልቀራት።

ወይዘሮ ኦድሪ ፔልሃም መነጽሯን አልፈለገችም።
በአውራ ጣቷ ግንባሩን ወረደች፣ አፍንጫውን ዞረች፣
ግራ ጉንጩ ላይ ስትደርስ ቆመች።
«ይህን...» አለች። «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነበር።
ልጄን ሆዱን ቆርጦት ያለቅሳል፤ በአንድ እጄ እሱን ታቅፌ፣
በአንድ እጄ ጭቃውን። ክብደቱ ወደዚህ አጋደለኝ።
ጠዋት አቃናዋለሁ ስል፣ ጠዋት ሰዎቹ ወሰዱት።
ቴሌቪዥን ላይ በመጣ ቁጥር፣ አርባ ዓመት ሙሉ አፍሬበታለሁ።
አንተ ጊዜ ነበረህ። ለምን አላቃናኸውም?»

መልስ ነበረኝ፤ ስለ ልክ፣ ስለ ታማኝነት፣ ስለ ባልቴቶቹ ጥርስ።
አፌ ላይ ሲደርስ ሁሉም የተጠና ነገር ሆነብኝ።
«እሱ ነዋ» አልኋት።
ከዚያ በላይ አልመጣልኝም።

ዝም አለች። የራስ ቁሩን ወደ መስኮቱ አዞረች፣
የባሕሩን ብርሃን አስገባችበት።
ጣቷ ደግሞ ጉዞ ጀመረ፤ አሁን በቀኝ በኩል፣ ከጆሮው ሥር።
«ግራው ደህና ነው» አለች።
«እዚህ ጋ ግን አውራ ጣቴ ገብቶ ነበር። ትንሽ ስርጉድ።
የት አለ?»

ማታ ኔሪስ የጋራዡ በር ላይ ቆመች።
«አለቀ?» አለች።
«ሰባተኛው» አልኋት፣
ጄሶዬን እየበጠበጥሁ።