የሳለው ማን ነበር

ጸጉር ቤቱ ሲሸጥ ወንድሜ መስታወቱን፣
የሚሽከረከረውን ወንበር ወሰደና፣
ለእኔ ደረሰችኝ ይቺ ድንጋይ ብቻ
በጥድ ሣጥኗ ውስጥ እንደተኛች ገና።

ከላይ ቢጫ፣ ከታች ጥቁር ሰማያዊ፣
ተራራው አጣብቆ የወለዳት መንታ፤
የአርባ ዓመት ሳሙና፣ የአርባ ዓመት ዘይት
ፊቷ ላይ ደርቆባት፣ ወይባና ሸትታ።

ስለ ላምቤር ምላጭ ሰው ሲያወራ ዛሬም፣
«ጉንጭህ ላይ ሲሄድ» ይላል፣ «አይሰማህም፤
መላጨትህን የሚነግርህ ብርዱ ነው
ከበሩ ስትወጣ።» እኔም አልክድም።
ከድንጋይ ካባ የሚመለሱት ሁሉ፣ ቅዳሜ ማታ፣
ፊታቸው እንደ አመድ፣ ተራ ይዘው በሩ ላይ፣
አባቴን ነበር የሚያመሰግኑት፤
እናቴ ፎጣ ታሞቃለች፣ ሳንቲም ትቆጥራለች፣ ጓዳ ትገባለች።

እርሳስ አነሳሁ። ፊቷን እንደ መረብ
በቀጭን መስመሮች ዳር እስከ ዳር ሳልኩት፤
ብርጭቆ ወረቀት በውኃ ለጥፌ
በወፍራም መስታወት፣ ደፍቼ አሸሁት።

ከፍ ያለው ቦታ መስመሩ ይጠፋል፤
ዝቅ ያለው ላይ ግን እርሳሱ ይተርፋል፤
ብዙ የሰጠ ጎን ብዙ ይናገራል።

ቢጫ ወተት ወረደ በክንዴ እስከ ክርኔ።
ዓይን የማያያቸው የጋርኔት ፍሬዎች
በጣቶቼ መሐል እንደ ዱቄት ላሙ።
አጠብኩ። አየሁ። እንደገና ሳልኩ። አሸሁ።

አንደኛው ስርጉድ እንደጠበቅኩት ነው፤
ረጅም፣ በመሐል፣ በቀኝ እጅ የተገፋ፣
ሲቆም ትከሻው እንደሚያዘነብል
ወደ መስኮቱ በኩል ትንሽ የተደፋ።

ሁለተኛው ግን ከዳር ነው። አጭር ነው።
ወደ ግራ የዞረ።
ባሸሁት ቁጥር ያው መስመር፣ ያው ቦታ፣
በግትርነት ቀረ።

በቤታችን ግራኝ አንዲት ሰው ነበረች።
መነኮሳቱ በልጅነቷ ግራ እጇን
ከወንበር ጋር አስረው ቀኝ ያስተማሯት፣
ሰው ፊት በቀኟ ስትጽፍ፣ ስትቆርስ የኖረች፣
እናቴ ኦዲል።

ያኔ ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ፣ ሌሊት፣
ሁለት ድምፅ ነበር የሚያስተኛኝ፦
ከላይ ፎቅ ሳሉ፣ ምላጭ ሳይጨብጥ በፊት
አሥራ አንድ ዓመት ከካባው የጠጣው አቧራ፤
ከታች ደግሞ ውኃና ብረት፣
ሽው . . . ሽው . . . ለጥቂት ዝም . . . ሽው፤
እኔም በእንቅልፍ ልቤ «አባባ ይስላል» እያልኩ
ሁለቱንም ድምፅ ለአንድ ሰው ሰጠሁ።

አንድ ሰው ከላይ ሲስል ከታች እንዴት ይስላል?
ይቺን ሒሳብ ለመሥራት ሃምሳ ዓመት ፈጀብኝ።
ስለት እንዳለበት ሰው በባዶ እግሯ
ደረጃውን የምትወርደው፣ ጭሱ እንዳይታይ
ፋኖሱን ዝቅ የምታደርገው፣
ሲነጋ ምላጮቹን እንደነበሩ ደርድራ
ፎጣ የምታሞቀው ማን ነበረች?

እሑድ ሄድኩ። የአረጋውያን ቤት፣ ቪየልሳልም፣
ሳልም ወንዝ በመስኮቱ ሥር ጎርፎ።
ሣጥኑን ጉልበቷ ላይ አኖርኩት። ከፈተች።
የብረት ማስመሪያ ይዤ ነበር፣ ላሳያት፣
አንዳች ብርሃን እንደማያሾልክ፣
እንዴት አድርጌ እንዳስተካከልኳት፤
አላየችውም። በአውራ ጣቷ፣ በግራው፣
ዳሰሰች፣ ዳር እስከ ዳር፣ ቀስ ብላ፤
ከዳር ያ አጭሩ ስርጉድ በነበረበት ጋ
ጣቷ ትንሽ ቆመ።

አልጠየቅኋትም።

«ጠርዟን አለዝቢው» አለች።
«እንዲህ ሹል ከተውሽው ስለቱን ይነክሳል።
ዘይት ደግሞ አይነካትም፤ ውኃ ብቻ።
ዘይቱን የሚያፈስባት እሱ ነበር።»

ሾርባ መጣ።
ነርሷ አጠገቧ ቆማ ሳለች
ማንኪያውን በቀኟ አነሳች፣ እንደ ደንቡ።
ነርሷ ፊቷን ስታዞር
ወደ ግራ አዛወረችው።