ጥይቱ ጎረቤት ያድራል

አገሬ መርሳ ናት፤ ስሟ ግን አይሠራም፤
እዚህ ምንም ነገር፣ ማንም ሰው አይረሳም።
የወሰን ድንጋይ አንድ ክንድ ከሸሸ፣
አያት ያየውን የልጅ ልጅ ይጠይቃል፣ ቀን ከመሸ።

የሙሄ ልጅ ሠርግ ዕለት፣ በዚያ በጥር ፀሐይ፣
ደስታ ነው ተብሎ ተተኮሰ ወደ ሰማይ።
ሰማይ አደራ አይበላም፤ የሰጡትን ይመልሳል፣
እርሳስም ሽቅብ ወጥቶ፣ ቁልቁል ሰው ይፈልጋል።
ማንጎው ዛፍ ሥር ቁጢጥ ብላ፣ ሳህን ታጥብ የነበረች፣
ስንዱ፣ የዘጠኝ ዓመቷ፣ ሳህኗን ሳትለቅ ወደቀች።
ገዳይ አልተገኘም፤ ተኳሾቹ ሰባት ናቸው፤
ሰባቱም መቃብሯን ማሱ፤ «ልጄ» ነበር የሚሏት ሁላቸው።

አበጋሩ እርጥብ ሣር ይዘው፣ ሼሁም ቄሱም መጡ፣
ሾላው ሥር ተቀመጡ፤
ቀን ሙሉ ዝም ተባለ። ወደ ማታ እትዬ ጦይባ፣
የተናገረችው ቃል፣ ሳልፈልግ ልቤ ገባ፦
«ብረት ስጡ አልልም፤ ማን ይሰጣል? ሁሉም ይፈራል።
ብረቱ ቤታችሁ ይደር፤ ጥይቱ ጎረቤት ያድራል።
ያንተ ካዝና እሱ ጋ፣ የሱ ደግሞ እኔ ጋ ይደር፤
ለመግደል የተነሳ፣ አስቀድሞ ያንኳኳ የሰው በር።»
«ጅብ ቢመጣስ? ሌባስ?» አለ አንዱ እየሳቀ።
«ጩኽ! ጎረቤት የለህም ወይ? ወይስ እሱም አለቀ?»
ሼሁ ዱዓ አደረጉ፤ ቄሱ ገዘቱ፤
በዚያው ማታ በጆንያ ተለዋወጠ ጥይቱ።

ከዚያ ወዲህ እንግዲህ፣ ከማሽላው ጎታ ሥር፣
የደርበው ሠላሳ ጥይት፣ በወተት ቆርቆሮ ያድር ጀመር።
የኔስ? እትዬ ጦይባ ዘንድ። የት እንዳኖረችው አልጠየቅሁም፤
አደራ አይጠየቅም።

በግንቦት አንድ ሌሊት በሬ ተመታ። ደርበው።
እግሩ አቧራ፤ ዓይኑ የሌላ ሰው።
«ስጠኝ» አለ። «ምኑን?» አላልኩም፤ ገባኝ፤
ከወንድሙ ጋር የመስኖ ተራ እንዳጣላው ሰፈሩ ነግሮኛል፤ ማን ይደብቀኝ?
«እሰጣለሁ፤ ያንተ ነው፤ አልክድም አደራ፤
ተቆጥሮ ግን ነው የገባ፤ ተቆጥሮ ይወጣል በተራ።»
ቆርቆሮውን አመጣሁ። ፋኖሱን ለኮስኩ።
«አንድ። ይሄ ለማነው?» ብዬ ጠየቅኩ።
«ለአስረስ» አለ፤ ድምፁ ቀጭን፣ የሱ አልመሰለም።
«ሁለት?» «ለሱው።» «ወንድምህ ነው እንጂ ዝሆን አይደለም።
ሦስት። ይህቺ ለሚስቱ፤ ጩኸቷን መስማት አትችልም።
አራት። ስም ላወጣህለት ልጅ፤ አድጎ ይህን አይረሳም።»

ዘጠኝ ላይ ተቀመጠ።
አሥራ አንድ ላይ ውሃ ጠጣ።
አሥራ ሰባት ላይ የቆየው ነገር፣ አፉን ሞልቶ ወጣ፦
የሽንኩርቱ መድረቅ፣ የማዳበሪያው ዕዳ፤ ከጦርነቱ ወዲህ
አንድ ሌሊት ሙሉ ተኝቶ አለማደሩ። «ማንም አልጠየቀኝ» አለ፣ እንዲህ፣
መዳፉን ዘርግቶ፣ ባዶውን እያሳየኝ።

እኔም ጠይቄው አላውቅ። በራችን ሃያ እርምጃ ተራርቆ፣
ጥይቱን ስጠብቅ ኖሬ፣ ሰውየው ከእጄ ወድቆ።
(ለካ የመርሳ ስም እውነት ኖሯል።)

ሃያ ስድስት ላይ አዛን፤ ሃያ ስምንት ላይ ደወል።
ሠላሳ አልደረስንም፤ መቁጠሩን ተውነው መሰል።
አብረን ወደ ቦዩ ወረድን። አስረስ ቆሟል፤ ቀና አላለም።
ደርበው አካፋ አነሳ። ይኸው ነው። መተቃቀፍ የለም።

ይህን ስነግርህ ታዲያ፣ ደግ ሰው እንዳልመስልህ።
ባለፈው መስከረም፣ ምክንያቱን አልነግርህ፣
በእኩለ ሌሊት፣ ባዶ ክላሽ ትከሻዬ ላይ ከብዶ፣
ጉሮሮዬ ነዶ፣
ያንኳኳሁት እኔ ነኝ፣ የእትዬ ጦይባን በር።
ከፈተች። አልደነገጠች። ሽበቷን በሻሽ ስታስር፣
«ግባ» አለች፤ «ዓይኔ ደክሟል፤ ቆጠራው ረጅም ነው።
ተቀመጥ ልጄ።
አንድ። ይሄ ለማነው?»