ማሳ

ቱሉ ዲምቱን አልፎ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ክረምት ሲገባበት ጫማ የሚያስወልቅ ጥቁር ዋልካ ጭቃ፣
በዚያ ላይ ቆርቆሮ፣ በቆርቆሮው ቀለም፦
«ሸምሱ ጋራዥ። እንጠግናለን። በዱቤ ግን የለም።»

ላዳዬን በገመድ አስጎትቼ መጣሁ፣
ያሮጌውን ሞተር የመጨረሻ ጭስ በአፍንጫዬ ጠጣሁ።
ዘይት ሲጠጣ ኖሮ፣ በቃኝ ብሎ ቆመ፤
ፒስተኑ ተፋቀ፣ ቴስታታው ጠመመ።
የሚስቴ ዕቁብ ወጣ፤ ሶማሌ ተራ ሄድን፤
የቶዮታ ሞተር፣ ከነዘይት ክዳኑ፣ በአይሱዙ ጭነን ወረድን።
የጃፓንን ልብ በሩሲያ ደረት
ሸምሱ አስገባልኝ፣ ጎኑን በመጋዝ ቆርጦ፣ ቀጥሎ በብረት።

ቁልፉን አዞርኩ።
ጠቅ።

ደግሜ አዞርኩ። ጠቅ። ሌላ ቃል የለውም።
«ባትሪው ነው» አለ ሸምሱ። አዲስ ባትሪ ገባ፤ ከጠቅ የተረፈ ምላስ አልሰጠውም።
«ሞተሪኖው ነው» አለ። ሞተሪኖው ተፈቶ
ጠረጴዛ ላይ ዞረ፣ አቧራ አስነስቶ፤
ቦታው ሲመለስ ግን ዝም፣
እንዳኮረፈ አማች።

ካንዴላ አወጣን፤ ቦቢና ለወጥን፤
ፊውዙን አንድ ባንድ ለፀሐይ አሳይተን መልሰን አስቀመጥን።
ጎረቤት ጎሚስታው «ቤንዚን ነው» ብሎ ሄደ፤
ድንጋይ የጫነ ሾፌር «ሊብሬውን ጠይቁት፣ ቁጥሩን አላወቀውም» ሲል ቀለደ።
አንዱ ጸበል አለ፤ ሸምሱም ቢስሚላህ አለ፤
ላዳዬ ለሁለቱም፦
ጠቅ።

በሦስተኛው ቀን ነው። ሌንሴ፣ የሸምሱ ተማሪ፣
የወደቀ ብሎን ለቃሚ፣ ቦታ ሲጠብ ተጠሪ፣
እኔ ቁልፍ ሳዞር፣ እሷ ከኮፋኖው ሥር
«ኡ!» አለች፤ ጣቷን አቃጠላት የቤንዚን ፔዳል ሽቦ፣ ያ ቀጭን ነገር።
የፔዳል ሽቦ ምን አገባው ከእሳት?
እግር ይጎትተዋል እንጂ መብራት አይሄድበት።
ሸምሱ ዝም ብሎ ሽቦውን ዳሰሰ፤
ሞቀው። በመዳፉ መታ፤ አምስት የግሪስ ጣት ግንባሩን ወረሰ።

«ማሳ የለውም!» አለ፤ «ማሳውን ረሳነው!
ሞተሩ እኮ በጎማ ላይ የተቀመጠ ነው፤
ከላዳው ብረት ጋር ማን አስተዋወቀው?
ያ ወፍራም ሽቦ፣ ካሮጌው ሞተር ጎን እንደተንጠለጠለ፣ ቆራሌው ወሰደው።
መብራት ከወጣ መመለሻ ይሻል፤
ዋናው በር ከታጣ በቀጭኑ መንገድ ሾልኮ ይቃጠላል።»

ኦቦ ደቻሳ፣ የጋራዡ ዘበኛ፣ በር ላይ ናቸው።
ይህ የቆምንበት አፈር፣ ሸምሱ የተቃጠለ ዘይት የሚደፋበት፣ የሳቸው
ሽምብራ ነበረ፣ ድንበሩ እስከ ወንዙ፤
አሥር ዓመት ይሆናል፣ ካሳውን ቆጥረው ዱላ ከያዙ።
«ምን የለውም?» አሉ።
«ማሳ፣ አባባ» አለች ሌንሴ፣ ጣቷን እየነፋች።
አልሳቁም። ላዳዬን ትንሽ አዩት።
«ታዲያ ማሳ የሌለው በምን ይነሳል?» አሉና
ዱላቸውን ወደ ሌላው እጅ አዛወሩት።

«እኔም ተነቅዬ» ልል ነበር፣ «ከካዛንቺስ…» ግን በዕጣ
ማሳቸው ላይ ፎቅ የደረሰው ሰው ምን አፍ አለው? ቃሉ አልወጣ።

ከሞተ ሚኒባስ ሽቦ ተቆረጠ፤
የላዳው ብረት ተፋቀ፣ ከሰማያዊው ቀለም ሥር ነጭ ሆኖ ተገለጠ።
አንዱ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ አንዱ ጫፍ አጥንቱ ላይ።
ቁልፉን አዞርኩ።
ተነሳ።
ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፤ ከጎማ ክምር ውስጥ ዶሮ በረረች።
ሸምሱ ጆሮውን አስጠጋ፦ «ሦስቱ ይሠራሉ፤
አራተኛው ያስነጥሳል። ነገ ይታያል።»
«ሂሳብ?» ብዬ ጠየቅኩ። «ለብሎኗ አልጠይቅም፤
የሦስት ቀን ሞኝነት ግን» አለኝ፣ «በነጻ አይታረም።»

ስወጣ መሽቷል። ኦቦ ደቻሳ በሩን ከፈቱ፤
የእጅ ባትሪ ይዘው ቀደሙኝ ከፊቱ።
«በግራ ያዝ» አሉኝ፤ «በቀኝ ውሃ ይተኛል፤
እዚያ ጥግ ሽምብራም በስብሶብኝ ያውቃል።»

በግራ ያዝኩ።
ጎማዬ አልሰመጠም።