ሺህ የተጻፈበት ሳጥን

እንቁላል አስቀመጠ፣ ከሒሳብ መምቻዬ አጠገብ፤
የዳክዬ ነው፤ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ ላዩ ላይ የዝናብ ነጠብጣብ።
«ሦስት መቶ አርባ ነበሩ» አለኝ፣ ጃንጥላውን ሳያጥፍ፤
ውኃው ከጫፉ በደረሰኝ ደብተሬ ላይ ሲንጠፈጠፍ።

ቶፋዛል ነው። ከረግረጉ አገር፣ ከሱናምጋንጅ የመጣ፤
ባለፈው ወር ከዚሁ ከሲልሄት ሱቄ ሳጥን ተሸክሞ የወጣ።
ያኔ ጠይቆኝ ነበር፤ «ማሞቂያዬ ስምንት መቶ ዋት ይበላል፤
መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ይሄ ዩፒኤስ ይችላል?»
እኔም በጣቴ ጠቆምኩት፣ ካርቶኑ ላይ በቀይ የደመቀውን፤
«ሺህ ይላል፤ ስምንት መቶ ምን አላት!» ብዬ ሸጥኩለት ቁጥሩን።

ቁጥሩን ነው የሸጥኩት። ዕቃውንማ ማን አየው?
ከሺሁ ኋላ «ቮልት አምፔር» የሚል ጭራ አለ፤ ማን አነበበው?
ከጀርባው፣ ከብሎኖቹ መሐል፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል
«ስድስት መቶ ዋት» ተጽፏል፤
ሳይዋሽ፣ ሳይናገርም፣ እዚያ ተጎንብሶ ዝም ብሏል።
ሺሁ ሰም ነበር፣
ስድስት መቶው ወርቅ፤
እኔ ሰሙን መዝኜ ሸጥኩ፣ ወርቁን ሳልጠይቅ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ነጎድጓዱ ሲመጣ፣ መብራት ሄደ፤
ሳጥኑ ስምንት መቶውን ተቀበለ፣ ሦስቴ ጮኸ፣ ተንገዳገደ፣
ዘግቶ ተኛ።
ከሩብ ሰዓት በኋላ መብራቱ መጣ፤ ሳጥኑ ግን አልተነሣም፤
ቁልፉን የሚጫን አንድ ጣት ይጠብቅ ነበር፤ ቶፋዛልም
የዝናቡን ድምፅ ተከናንቦ፣ ቀዩን ቁጥር አምኖ፣ እስኪነጋ አልሰማም።

ገንዘብህን ልመልስ አልኩት። «ገንዘብ አይፈለፈልም» አለ፤
«ይልቅ አስረዳኝ፤ ከሺሁ ስድስት መቶ፤ አራት መቶው የት ዋለ?»

ወረቀት አወጣሁ፤ ሞገድ ሣልኩ፣ ሌላ ሞገድ ደረብኩ፤
«ቮልቱ ይሄ፣ አምፔሩ ይሄ፣ ሲቀዳደሙ…» አልኩና ተደናበርኩ።
ሦስት ዓመት የተማርኩት ከአፌ ላይ እንደ ሽቦ ተጠላለፈ፤
እሱ ብዕሬን ወሰደና በሞገዶቼ ላይ ወንዝ ጻፈ።

«ልጅ ሳለሁ ጀልባ ጎታች ነበርኩ፣ ከአባቴ ጋር፣ በሱርማ ዳር፤
ገመዱ ትከሻዬ ላይ፣ ጀልባው ውኃው ላይ፣ እኔ ጭቃው ላይ ስዳክር።
ጀልባው መሐል ነው፣ እኔ ዳር ነኝ፤ ገመዱ ሰያፍ ነው፤
ጉልበቴ ሁሉ ወደፊት አይሄድም፤ ገሚሱ ጀልባውን ወደ ዳር ሊያመጣው
ይታገላል። ትከሻዬ ግን ሁሉንም ይከፍላል፤
ይሄ ለመንገዱ፣ ያ ለዳሩ ብሎ የሚከፍል ትከሻ የት ይገኛል?
ሺሁ የትከሻዬ ነው፤ ስድስት መቶው ጀልባው የሄደው።
ታዲያ ያንተ ሳጥን፣ ገመዱን በስንት ነው ያሰየፈው?»

«በዜሮ ነጥብ ስድስት» አልኩ፣ ቆይቼ። «ፓወር ፋክተር ነው የሚባለው።»
«ስምም አለው!» አለ። «እኛ ስንጎትተው ስም አልነበረው።
አባቴ ገመዱን አስረዝም ይለኝ ነበር፤
የረዘመ ገመድ ይቃናል፤ ያጠረው ነው የሚያሰክር።»

መደርደሪያውን አወረድን፤ እያንዳንዱን ሳጥን ገልብጠን በሆዱ፣
በስልክ መብራት ጉንዳኖቹን ለቀምን፣ አንድ ባንዱ።
ይሄ ዜሮ ነጥብ ሰባት። ይሄኛው ዋቱን ጭራሽ አልጻፈ፤
እጄን ሳያሳርፍበት፣ እንደ ባለዕዳው አለፈ።
አንድ ሺህ አምስት መቶ፣ በዜሮ ነጥብ ዘጠኝ። «ስንት ይሆናል?»
«ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ዋት።» «ማራገቢያውስ?» «ይገባል፤
ሞተር ሲነሣ ይዘላል፣ ለዝላዩም ቦታ ይተርፋል።»

ግማሹን ዋጋ ከኪሴ አልኩ። እምቢም አላለም፣ አላመሰገነም።
ሳጥኑን ላስቲክ አልብሰን ሪክሾ ላይ ጫንነው።
እንቁላሉን ረስቶት ሄደ። ወይም አልረሳውም።

ረዳቴ ሹሜል «ይሸታል፣ ልጣለው?» ይለኛል በየማለዳው።
ነገ፣ እለዋለሁ። አሁን የዚያን ሳጥን ጀርባ አንብበው።