አዳር

ቡናማ ፖስታ ነው፣ ፊቱ መስኮት ያለው፣
ፖስተኛው ማክሰኞ በበሬ የጣለው።
ሦስት ቀን ረገጥኩት ስገባ ስወጣ፣
የፒዛ ቤት ወረቀት መስሎኝ የመጣ።

አርብ ሌሊት፣ የመጨረሻውን አውቶቡስ ጋራዥ አስገብቼ፣
በስዋንሲ ዝናብ የራሰ ኮቴን ወንበር ላይ ዘርግቼ፣
ቀደድኩት።
«ለአቶ ብሪን ፕሮበርት። ውዝፍ ቀለብ» ይላል፣ ጽሑፉ በደማቅ፤
ሦስት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት ፓውንድ፣
እኔው ተበድሬ፣ እኔው ራሴ ሳላውቅ።

ዕዳ ከሜዳ ሲሉ ሜዳው የት ነው ስል፣
ለካ ምንጣፌ ነው፣ ጫማዬን የማወልቅበት ክፍል።

ሰኞ ስልክ ደወልኩ። አርባ ደቂቃ ሙሉ
ያው አንድ ፒያኖ፤ በየመሃሉ
«ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» የምትል ሴት።
ከዚያ ሰው መጣ፤ ጉንፋን የያዘው ወጣት።
«ደብዳቤ ልከናል» አለኝ፣ «ወደ ቀድሞው ቤትዎ፣
ካቻምና ነው የተለወጠው ሂሳብዎ።
ስሌቱ በአዳር ነው፤ ከሀምሳ ሁለት ካነሰ ቅናሽ የለም፤
እናትየው አርባ አራት ሌሊት ብለዋል፤ ሌላ ማስረጃ አልመጣም።»

አርባ አራት? «ዋሸች!» አልኩ፣ ጠረጴዛ መታሁ፣
የፈረቃ ደብተሬን ከመሳቢያ አወጣሁ፣
ቀይ እስክሪብቶ ይዤ የኬሪስን አዳር
አንድ፣ ሁለት እያልኩ በክብ ክብ ለማጠር።

መጋቢት ሦስት ሌሊት። ሚያዝያ ሁለት ብቻ፤
ትርፍ ሰዓት ነድቼ፣ ለብስክሌቷ መግዣ።
ግንቦት አንድ። (ሂው ታሞ በሱ ፈረቃ ወጣሁ።)
ሰኔ፣ «ቅዳሜ» ብዬ፣ እሑድ ይቅርታ አመጣሁ።

ያልመጣችባቸው ሌሊቶች በሙሉ
ደመወዝ ወረቀቴ ላይ ገንዘብ ሆነው አሉ፤
ገንዘቡ ሲጨምር ስሌቱም ጨመረ፣
ልጄ ሳታድርልኝ ዕዳዬ አደረ።

ደመርኩ። እንደገና። በስልኬም ደመርኩኝ።
አርባ ሦስት። አርባ አራት እንኳ አልሞላልኝ።
ሜና አንድ ጨምራለች።

«ይቺ አንዷ የት አለች?» ብዬ ጻፍኩላት፣
ከተለያየን ወዲህ ያለ ስድብ የላክሁላት
የመጀመሪያ መልእክት።
መልሷ አጭር ነበር፦ «ሳንባዋን ሲያማት
ወንበር ላይ አድረሃል። ያችንም ቆጠርኳት።»

ረስቼው ነበር። ያን የላስቲክ ወንበር፣
እግሬ ደንዝዞ፣ የግሉኮሱ ጠብታ ሲቆጥር፣ ሲቆጥር፣
ሊነጋ ሲል ነቅታ፣ «አባዬ፣ አውቶቡስህስ?» ስትለኝ፣
«ዛሬ ቆሟል» ስላት፣ ያመነች መስላ ስትስቅልኝ።

ዕዳው ገብስ ነው የሚል አለ፣ አውቃለሁ።
ገብስ አይደለም ይሄ፤ በወር ዘጠና ፓውንድ፣
ሦስት ዓመት ከሁለት ወር እከፍላለሁ።
መኪናዬ ይሸጣል። ደብዳቤውን ወደ አሮጌው ቤት መላካቸው
አሁንም ያናድደኛል፤ ይሄን አልምራቸው።
ግን ያ ጉንፋናም ልጅ፣ «ቅሬታ አለዎት?» ሲለኝ፣
ስለ አዳሩ ቁጥር የምለው አልነበረኝ።

ትናንት ጋራዥ ውስጥ የትርፍ ሰዓት ሰሌዳ
«ቅዳሜ ሌሊት፣ ድርብ ክፍያ» ይላል፤ የአንድ ወር ዕዳ።
ቅዳሜ የኬሪስ ነው።
እስክሪብቶው በገመድ ታስሮ ይወዛወዛል፣
ሂው ከኋላዬ ቆሞ፣ «ትጽፋለህ ወይስ?» ይላል።