የሙሄ ቀኝ እጅ

ሰኞ ገበያ ነው፣ ከላስቲክ ድንኳን ስር፣
ከቻርጀር፣ ከባትሪ፣ ከመነጽሩ ጋር
ተደርድሮ ያየሁት፤ ወታደር ነበር።
ክንዱ ይታጠፋል፣ ጉልበቱ ይሰግዳል፣
አንገቱን ሲያዞሩት ወደ ኋላም ያያል።
«አራት መቶ» አለኝ፤ ሦስት መቶ ሰጠሁ፣
ጠመንጃውን እዚያው ለሻጩ መለስሁ።

ለፎቶ ትረካዬ ረዳት ነው የጎደለኝ፤
ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! ብሎ የሚጣራ፣
በሐረጎ ቁልቁል በር ላይ ተንጠልጥሎ
ከጉም ጋር የሚያወራ።

ፊቱን በአሴቶን አጠብሁት።
ያ የፋብሪካ ቁጣ፣ ያ የተቀባ ቅንድብ
ተጠርጎ በጥጥ ላይ ወጣልኝ፤
አንድ ሌሊት ሙሉ ፊት የሌለው ሰው ሆኖ
ከራስጌዬ አደረ፤ እንቅልፍም አልሰጠኝ።

በማግስቱ ቀለም።
ቡናማው ላይ ትንሽ ቀይ ጠብ አድርጌበት፣
በጥርስ መጎርጎሪያ ቅንድቡን አቅንቼ፣
ከንፈሩን በአንድ ወገን ጥቂት ሽቅብ ሳብሁት፤
ባዶ መኪና ይዞ «አንድ ሰው ቀረኝ!» እንደሚል ዋሾ።
ሙሄ ብዬ ጠራሁት።

ጋሽ አራጋው ደግሞ፣ ልብስ ሰፊው ጎረቤት፣
ከኮት ገበር ቁራጭ ጃኬት ሰፋለት፤
ኪሱ ይከፈት ብሎ ሦስት ቀን አቆየው፣
«ረዳት ያለ ኪስ በምኑ ረዳት ነው?»

ቀኝ እጁ ቀረ።
ከመሣሪያው ጋራ ነው የተቀረጸው፤
ጣቱ ቃታ ላይ፣ መዳፉ ተኮራምቶ።
የፈላ ውሃ ውስጥ ነከርሁት፤ ለሰለሰ፤ ዘረጋሁት፤
ጥቂት ቆይቶ መልሶ ጨበጠ።
ደግሜ ነከርሁት። ደግሜ ዘረጋሁት።
ፕላስቲክ የተወለደበትን አይረሳም።

ወንድሜ እንድሪስ ከበሩ ላይ ቆሞ ያያል።
ከሄደበት ከተመለሰ ወዲህ
ብዙም አይናገር፤
ብርጭቆ ሲይዝ እንኳ በሁለት እጁ ነው።
«ተይው» አለኝ። «አታሠቃዪው።»
ከማስቲካ ወረቀት የቆረጥኋቸውን ብሮች
አንድ ባንድ በቁመታቸው አጠፈና
ረዳቶች እንደሚይዙት
በዚያች በተቆለመመች ጣት መሀል ሰካቸው።
ልክ ገቡ።

ጉም እንድሠራ ብዬ ጥጥ ገዝቼ ነበር፤
አላስፈለገኝም፤ ደሴ ናት፣
አሥር ሰዓት ላይ ከጦሳ ወርዶ በመስኮት ገባ።
አነሳሁት።

ማታ ኮምፒውተር ላይ
ቀጥ አርጎ ያቆመውን ሽቦ አጠፋሁ፤
የጉልበቱን ብሎን፣ የክርኑን ስንጥቅ ሞላሁ፤
መዳፉ ጋ ስደርስ እጄን ሰበሰብሁ።

ከአፉ ፊት ለፊት ክብ አሰመርሁለት፣
ቃሉንም ጻፍሁበት፦
«አንድ ሰው ቀረኝ!»

እንድሪስ አነበበው። ሳቀ።
ከዚያ ዝም ብሎ
ደግሞ አነበበው።